የአዳም ልጆች እና የሐዳር አጥንት፦ ወሎ ላይ የፍጥረት ትምህርትና የሳይንስ ማስረጃ የሚጋጩበት ቦታ

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተባለችው ቅሪተ አካል ሐዳር ላይ ስትገኝ ሥፍራው በጊዜው አስተዳደር የወሎ ጠቅላይ ግዛት ነበር። ወሎ ከረሃቡ ገና አላገገመም፤ አዲስ አበባ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንት የተረሸኑትም በዋዜማው ነው። በእንዲያ ባለ ጊዜ ከቆላ ስለተለቀመ አጥንት ጆሮ የሚሰጥ ሰው ይበዛል ብሎ መገመት ያስቸግራል። ዛሬ ሐዳር በአፋር ክልል ውስጥ ነው፤ ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ግን ያው ነው፤ የአጥንቷም ወሬ በየሰዉ ስልክ ገብቷል። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ድንቅነሽ ከዲኪካዋ ሕፃን ቅሪተ አካል ከሰላም ጋር ለዕይታ ወደ ፕራግ ተወስዳ ነበር። ስሟ በተነሣ ቁጥር ግን ወሬው ከሙዚየም አልፎ ወደ ሌላ ጥያቄ ይሄዳል፦ ይህች አጥንት እውነት ከሆነች አዳም ምን ሊሆን ነው?

ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ተሸፋፍኖም ሊታለፍ አይገባም። ወሎ ላይ እምነትና ማስረጃ በእርግጥ የሚጋጩበት ቦታ አለ። ያ ቦታ ግን ጠባብ ነው፤ ሰፊ ያስመሰለው ከሩቅ አገር መጥቶ በስልካችን የገባ ክርክር ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ነገሩ ወሎ ውስጥ ለምን እንደሚከብድ መናገር ያስፈልጋል።

ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩበት፣ አንዱ ወንድም ሼኽ ሌላው ቄስ ሆነው በአንድ እናት ለቅሶ የሚቀመጡበት አገር ነው። ስለ ሥላሴና ስለ ተውሒድ የሚለያዩት ሰዎች በአዳምና በሔዋን፣ በአደምና በሐዋ ይገናኛሉ። ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲቀመጡ «ሁላችንም የአዳም ልጆች ነን» የሚለውን ቃል ቄሱም ሼኹም ያለ ማብራሪያ ይቀበሉታል፤ ደም እንዲደርቅ፣ ቂም እንዲወርድ የሚለመነውም በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤት ተመልሶ የሰው ልጅ ከሌሎች እንስሳት ጋር የጋራ ጥንተ ዘር አለው ብሎ ሲናገር፣ የአንድን ሃይማኖት አንቀጽ ብቻ የነካ አይመስልም፤ ሁለቱ ሃይማኖቶች ተቃቅፈው የኖሩበትን ነገር የነካ ይመስላል። ቡና እያፈላች የምትሰማው እናት የምትደነግጠውም፣ ለቡና የተጠሩት ጎረቤት ሼኽ የሚቆጡትም ለዚህ ነው። ይህን ድንጋጤ ከመሃይምነት የሚቆጥር የሳይንስ ተከራካሪ ካለ ወሎን አያውቅም፤ ደግሞም ማንንም አያሳምንም።

ማስረጃውን ግን ከወሎ ውጭ መፈለግ አያሻም፤ ወደ ሐዳር መውረድም የግድ አይደለም። በደቡብ ወሎ፣ ደላንታ ውስጥ፣ ከወገል ጤና ወጣ ብሎ ፀሐይ መውጫ በምትባለው መንደር አካባቢ ባለው ገደል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ይቆፈራል። ወጣቶቹ ቆፋሪዎች በገደሉ ጥግ ወርደው ጉድጓዱን የሚያስገቡት ወደ ጎን ነው። ኦፓሉ የሚገኘው ከአንድ ሜትር በማይበልጥ አንድ ስስ ንብር ውስጥ ሲሆን፣ ንብሩ ደግሞ ገደሉን ይዞ ለኪሎ ሜትሮች ይሄዳል። ከዚያ ንብር በላይም በታችም የቆፈረ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ጉድጓዱ ተደርምሶባቸው የሞቱ አሉ፤ ስለዚህ ንብሩን ለይቶ ማወቅ ለእነዚህ ልጆች የእንጀራ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው። ዐለት በቅደም ተከተል እንደተነጠፈ፣ እያንዳንዱ ንብር የየራሱ ጠባይ እንዳለው፣ ከአንዱ ገደል የታየው ንብር ከማዶው ገደልም እንደሚገኝ ማንም ጂኦሎጂ ሳያስተምራቸው ያውቁታል። የምድርን ዕድሜ የሚመረምረው ሳይንስ የተነሣውም ከዚሁ ዕውቀት ነው።

ያ ገደል ከላይ እስከ ታች የባዛልትና የኢግኒምብራይት ድርብርብ ነው፤ ይኸውም ቀልጦ ፈስሶ የደረቀ ዐለት እና በትኩሱ ተከምሮ የተጋገረ የእሳተ ገሞራ አመድ እየተፈራረቁ የተነጠፉበት ነው። ኦፓሉን ያጠኑ ባለሙያዎች የደረሱበት ድምዳሜ፣ ድንጋዩ የተፈጠረው የተከመረው አመድ በአየርና በውኃ ፈርሶ አፈር በሆነበት ጊዜ ነው የሚል ነው። ከአመዱ የሟሟው ሲሊካ በአፈሩ ክፍተቶች ውስጥ እጅግ በጣም ደቃቅ በሆኑ ድቡልቡል ቅንጣቶች ተደርድሮ ረጋ፤ ቀለሙን የሚያጫውተውም የድርድሩ ሥርዓት ነው። በዚያው ንብር ውስጥ ወደ ድንጋይ የተለወጠ የተክል ቅሪት ተገኝቷል። በአጭሩ ያ ስስ ንብር በአንድ ዘመን ተክል የበቀለበት ደረቅ መሬት ነበር፤ ከዚያ ሌላ እሳተ ገሞራ መጥቶ ከደነው፣ በላዩም እንደገና ሌላ ተነጠፈ።

የምድር ንብርብር ሁሉ በኖኅ ዘመን በነበረው የአንድ ዓመት የጥፋት ውኃ የተከመረ ነው የሚለው ማብራሪያ ደላንታ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣል። ውኃ ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ትራስ የመሰለ ክብ ክብ ቅርጽ ይዞ ይደርቃል፤ የወሎ ደጋ ባዛልት ግን በአመዛኙ በደረቅ መሬት ላይ በሰፊው የተነጠፈ ነው። በንብሮቹ መካከል አፈር ሊፈጠር፣ ተክልም ሊበቅል የሚችለው ውኃ ባላጥለቀለቀው መሬት ላይ፣ ያውም ብዙ ዘመን ሲያልፍ ነው። በዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ከባዛልቱ ሥር የሚታየው የኖራ ድንጋይ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ስላለበት የጥፋት ውኃ ምስክር ተደርጎ ይጠቀሳል። በዚያው ሸለቆ፣ ከኖራ ድንጋዩ በታች፣ ጂፕሰም አለ፤ ጂፕሰም የሚረጋው ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ውኃ በፀሐይ ሲተን ነው። በትነት የተሠራ ዐለት በአንድ ጎርፍ መካከል ሊረጋ አይችልም። ባሕር በእርግጥ እዚህ ነበረ፤ የነበረው ግን ባዛልቱ ሳይፈስ ገና ድሮ፣ ዳይኖሰሮች በምድር ላይ በነበሩበት ዘመን ነው።

የወሎን ደጋ የሠራው ታላቁ የእሳተ ገሞራ ዘመን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደነበረ ተለክቷል፤ ከተለካባቸው ሥፍራዎች አንዱ ራሱ የወገል ጤና ገደል ነው። የላሊበላ ፈልፋዮች መዶሻና መሮ ያሳረፉበትም ዐለት የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ የቆሙበትን ዐለት ዕድሜ ማወቅ ከክብራቸው አንዳች አይቀንስም፤ እንዲያውም የጠራቢዎቹን ትዕግሥት ለሚያስብ ሰው የዐለቱ ትዕግሥት ተጨማሪ አድናቆት ነው።

«ይህን ያህል ዓመት መሆኑን ማን ቆሞ አየ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከእርሱ ጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ ነው፤ በታወቀ ፍጥነት እየፈረሰ የታወቀ ክፍሉ አርጎን የተባለ ጋዝ ይሆናል። ፍጥነቱ እጅግ ዝግተኛ ነው፤ ከነበረው ግማሹ ለመፍረስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ አምልጦ ይወጣል፤ ከደረቀ በኋላ የሚፈጠረው ጋዝ ግን በቅንጣቶቹ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። የታፈነውን አርጎን ከቀረው ፖታሲየም ጋር በማነጻጸር ዐለቱ መቼ እንደደረቀ ይሰላል። ዘዴው በታወቀ ነገር ላይ ተፈትኗል፦ የጣሊያኑ ቬሱቪየስ ተራራ በ79 ዓመተ እግዚእ እንደፈነዳ በዘመኑ የነበረ ሮማዊ ጽፎ አቆይቷል፤ ተመራማሪዎች የዚያን ፍንዳታ ዐለት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚሁ ዘዴ ሲለኩት 1,925 ዓመት፣ ሲበዛ ወይም ሲያንስ በ94 ዓመት፣ የሚል ውጤት አገኙ። ትክክለኛው ዕድሜ 1,918 ነበር። የዓይን ምስክር ባለበት ቦታ እንዲህ የተጠጋ ዘዴ፣ ምስክር በሌለበት ቦታ ሐሰተኛ ነው የሚል ሰው ምክንያቱን የማቅረብ ግዴታ አለበት።

በዚህ ዘዴ ድንቅነሽ ከወጣችበት ቦታ አጠገብ ያለው የአመድ ንብር 3.18 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። «የካርቦን ልኬት አይታመንም» የሚለው በየቪዲዮው የሚደጋገም ተቃውሞ እርሷን አይነካም፤ የካርቦን ልኬት ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ለሆነ ነገር ስለማይሠራ ለድንቅነሽ የተጠቀመበት ሰው የለም። ካርቦን ቦታው ሌላ ነው። ለምሳሌ ከሐይቅና ከሐርዲቦ ሐይቆች ወለል በቱቦ የተወሰደው ጭቃ፣ በውስጡ በተያዘው የዕፅዋት ብናኝ፣ የአካባቢውን ደን ያለፉትን 3,000 ዓመታት መመናመንና እንደገና ማገገም መስክሯል። ለዚህ ያህል ዘመን ካርቦን ይበቃል፤ በዚህም ውጤት የሚከራከር ምእመን አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ እምነቱ ቁጥር እንምጣ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ይቆጠራል። 2018 ዓ.ም. ሲደመርበት ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ስለሚተርፍ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ መጥቅዕና አበቅቴ የሚወጡት፣ ጾሙና ፋሲካው የሚታወቁት ከዚህ ስሌት ነው። ይህ ቁጥር ለተሠራበት ሥራ አንድም ጊዜ አልጎደለም። ሥራው ግን የጾምና የበዓል ቀን ማውጣት ነው፤ የዐለት ዕድሜ የሚነገርበት ሆኖ ሲወሰድ ከደላንታ ገደል ጋር ይጋጫል፤ ይህን ግጭት በቃላት ማለስለስ አይቻልም። 5500 የምድር ዕድሜ መነሻ ነው ከተባለ ማስረጃው ይቃወመዋል።

ግን ሊቃውንቱ ዘመኑን ሁሉ እንዲህ ብቻ ያነቡት ነበርን? ቅዱስ ባስልዮስ ስድስቱን ቀናት እንደ ቃሉ ቀን ብሎ ተረጉሟል፤ ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት የሚናገረውን አክሲማሮስን የሚያነቡ የእኛም መምህራን በአብዛኛው የሄዱት በዚሁ ነው። በሌላ በኩል የእስክንድርያው ኦሪጀን፣ ኋላ በሌላ ትምህርቱ ቢወገዝም፣ ፀሐይ በአራተኛው ቀን ተፈጥራ ሳለ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እንዴት እንደኛ ቀን ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ በሦስተኛው መቶ ዘመን ጠይቋል። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን አውግስጢኖስ ቀናቱ እኛ የምናውቃቸው ዓይነት ቀናት አለመሆናቸውን ጽፎ፣ አንድ ክርስቲያን ስለ ሰማይና ስለ ምድር የማያውቀውን በመጽሐፍ ስም ቢናገር በማያምኑት ዘንድ መጽሐፉን ያስንቃል ሲል አስጠንቅቋል። በጴጥሮስ መልእክት በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት መሆኑ ተጽፏል። በቁርኣንም በሱረቱል ሐጅ በጌታህ ዘንድ አንድ ቀን እናንተ ከምትቆጥሩት ሺህ ዓመት እንደሚያህል፣ በሱረቱል መዓሪጅም ልኩ 50 ሺህ ዓመት ስለሆነ ቀን ተነግሯል። ቁርኣን የምድርን ዕድሜ በቁጥር አይናገርም፤ ስለዚህ በምድር ዕድሜ ጉዳይ አንድ የወሎ ሙስሊም ከጂኦሎጂ ጋር የሚጣላበት ምክንያት ከመነሻው የለውም። የአንድምታ ጉባኤ ደግሞ አንድን ኃይለ ቃል «አንድም፣ አንድም» እያለ ብዙ ገጽታውን ሲያወጣ የኖረ ነው፤ ትርጓሜን ማስፋት ለዚህ አገር ሊቃውንት እንግዳ ሥራ አይሆንም።

ታዲያ ዛሬ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዘዋወረው፣ ምድር 6,000 ዓመቷ ነው፣ ንብርብሩ ሁሉ የጥፋት ውኃ ነው የሚለው ትምህርት ከየት መጣ? ምንጩ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1650 የአየርላንዱ ጳጳስ ጄምስ አሸር ፍጥረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ተጀመረ ብሎ አሰላ፤ መሠረቱ የዕብራይስጡ መጽሐፍ የትውልድ ቁጥር ነበር። የእኛ 5500 የተገኘው ከሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም የትውልድ ሐረግ ነው። ስለዚህ 6,000 ዓመት የሚለውን ቪዲዮ የሚያጋራ የወሎ ዲያቆን፣ ሳያውቀው ቤተ ክርስቲያኑ በየመስከረሙ ከምታውጀው 7518 ጋር እየተከራከረ ነው። ሙስሊሙም ያንኑ ቪዲዮ ሲያጋራ በቁርኣን ውስጥ የሌለ ቁጥር እየተቀበለ ነው።

የጥፋት ውኃው ጂኦሎጂም ቢሆን የቆየ የክርስትና ትምህርት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጆርጅ ማክሬዲ ፕራይስ የተባለ አድቬንቲስት ጸሐፊ አስፋፋው፤ በ1961 ዊትኮምና ሞሪስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በሰፊው አሠራጩት። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ዝግመተ ለውጥን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል የምድርን ረጅም ዕድሜ የሚቀበሉ ብዙ ነበሩ። በ1925 በቴነሲ በተካሄደው ታዋቂ የፍርድ ክርክር የተቃዋሚዎቹ ጠበቃ ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን፣ የፍጥረት ቀናት የ24 ሰዓት ቀናት ላይሆኑ እንደሚችሉ በምስክርነት ወንበር ላይ ተቀምጦ ተናግሯል። በኋላ ጉዳዩ የትምህርት ቤት ፖለቲካ ሆነ፤ በ1982 በአርካንሳስ፣ በ1987 በጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በ2005 በፔንሲልቬኒያ የተሰጡት ፍርዶች ትምህርቱ ሃይማኖት ስለሆነ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንደ ሳይንስ ሊሰጥ እንደማይችል ወሰኑ። በሙስሊሙ ዓለም ሃሩን ያህያ በሚል ስም ይጽፍ የነበረው ቱርካዊ አድናን ኦክታር የአሜሪካኖቹን ክርክር ብዙውን ወስዶ የምድርን አጭር ዕድሜ ግን ትቶ አሠራጨ። ይህን የማነሣው ከውጭ የመጣ ሁሉ ሐሰት ነው ለማለት አይደለም፤ አርጎንን መለካትም የተማርነው ከውጭ ነው። የምለው፣ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ጠብ የደላንታና የሐይቅ ሰው የሃይማኖት ግዴታ ተደርጎ ሊጫንበት እንደማይገባ ነው።

ከዕድሜው ይልቅ ሰውን የሚያስቆጣው የዘር ጉዳይ ነው፤ «ከዝንጀሮ መጣችሁ ይሉናል» የሚለው ቅሬታ። ሳይንሱ እንዲህ አይልም። በቦረና ሳይንት ደጋ ሣር ሲግጥ የሚውለው ጭላዳ የማንም ሰው አያት አይደለም፤ ቺምፓንዚም አይደለም። የአክስቴ ልጅ እኔን አልወለደም፤ ሁለታችንም ከአንድ አያት ወረድን፤ የሰውና የቺምፓንዚ ዝምድና እንዲህ ያለ ሲሆን መለያያው ከስድስትና ከሰባት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ጭላዳም የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። የጭላዳ ወገን የሆኑ፣ ዛሬ የጠፉ ዝርያዎች ቅሪት ከድንቅነሽ ዘመን ንብሮች ሐዳር ላይ ወጥቷል። ስለዚህ «ዝንጀሮዎቹ ለምን ሰው አልሆኑም?» ለሚለው መልሱ፣ እነርሱም በራሳቸው መንገድ ሲለወጡ ኖረዋል የሚል ነው።

ድንቅነሽ ራሷ ምን ታሳያለች? አንጎሏ ከዛሬ ሰው አንጎል ሲሦ ገደማ ነው፤ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙ አያልፍም። የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንት ግን ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበረ ያሳያል፤ የጭኑ አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ይህ የቺምፓንዚ ሳይሆን የእኛ አካሄድ ነው። ከአዋሽ ማዶ ዲኪካ ላይ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የተገመተላት የሰላም ቅሪት ደግሞ የዚያው ዝርያ ሕፃን ናት። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል፦ በመካከለኛው አዋሽ የተገኘችው፣ የእግሯ አውራ ጣት ለመጨበጥ የሚከፈተው አርዲ 4.4 ሚሊዮን፤ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን፤ ቻላቸው ስዩም በ2013 እ.ኤ.አ. በሌዲ ገራሩ ያገኘው፣ የእኛ ወገን የሆነው መንጋጋ 2.8 ሚሊዮን፤ ሔርቶ ላይ የተገኙት፣ ከእኛ ብዙ የማይለዩት የራስ ቅሎች 160 ሺህ ዓመት። የሔርቶን ዓይነት የራስ ቅል ከድንቅነሽ ንብር ያወጣ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ቢወጣ ነገሩ ሁሉ ይናጋ ነበር፤ ከሐምሳ ዓመት በላይ ሲቆፈር አልወጣም።

አጥንት ያላሳመነውን የሚያስደንቀው የዘረመል ማስረጃ ነው፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚረታኝም እርሱ ነው። ሰው 46 ክሮሞዞም፣ ቺምፓንዚ 48 አለው። ሁለቱ ከአንድ ጥንተ ዘር ከወረዱ፣ በእኛ በኩል ሁለት ክሮሞዞሞች ተያይዘው አንድ የሆኑበት ቦታ መኖር አለበት። ይህ አስቀድሞ የሚነገር፣ ሐሰትም ሆኖ ሊገኝ የሚችል ትንበያ ነው። ክሮሞዞም በሁለት ጫፉ ላይ ልዩ መዝጊያ ቅደም ተከተል አለው፤ በመሐል መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1991 ተመራማሪዎች በሰው ሁለተኛ ክሮሞዞም መሐል ላይ ያንን የጫፍ ቅደም ተከተል፣ ፊት ለፊት ተጋጥሞ፣ አገኙት። እያንዳንዱ ክሮሞዞም የራሱ ማዕከል (ሴንትሮሜር) አለው፤ ከተያያዙት የአንደኛው ማዕከል ከሥራ ውጭ ሆኖ ቅሪቱ በቦታው አለ። ንድፍ አውጪ እንዲህ አድርጎ ሠርቶት ይሆናል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ዝምድና የሌለ ለማስመሰል ሳይሆን ያለ ለማስመሰል ሠራው ሊባል ነው፤ በአምላኩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር መናገር የሚወድ አማኝ ያለ አይመስለኝም።

ለውጡ ዛሬም አልቆመም። የወሎ ገበሬ ማሽላ ሳይታጨድ ማሳው ውስጥ ገብቶ የተሻለውን ራስ ለዘር ይመርጣል፤ «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» የተባሉት የወሎ ማሽላዎች በዚህ ትውልድ ተሻጋሪ ምርጫ የቆዩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በውስጣቸው እጅግ ከፍ ብሎ መገኘቱ ዓለምን አስገርሟል። ዳርዊንም በ1859 ክርክሩን የጀመረው ገበሬና እርባታ ሠሪ ዘር ሲመርጡ ከሚሆነው ነው። በቆላው ደግሞ ወባ አለ። ክሎሮኪን ያድን የነበረው ፋልሲፓረም ወባ መድኃኒቱን ስለተላመደ ፋንሲዳር ተተካ፤ እርሱም ሲደክም በ2004 እ.ኤ.አ. ኮአርተም መጣ። ዛሬ በጣት ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጎደላቸው፣ ስለዚህም ከምርመራ የሚያመልጡ የወባ ተሐዋስያን በኢትዮጵያ ተገኝተዋል። ይህ በባቲ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ማወቅ ያለባት የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ነው።

እንግዲህ የቀረው ጠባብ ቦታ አዳም ራሱ ነው። የዘረመል ጥናት የሰው ልጅ ቁጥር በየትኛውም ቅርብ ዘመን ወደ ሁለት ሰዎች ብቻ እንደወረደ አያሳይም፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሆኖ እንደኖረ ያሳያል። አዳም ያለ አባትና ያለ እናት ከአፈር የተፈጠረ፣ የሰው ሁሉ ብቸኛ አባት ነው የሚለው ትምህርት ከዚህ ጋር በቀጥታ ይጋጫል፤ ይህን ላማኙ ደብቆ ማለፍ ንቀት ነው። አማኝ ሊቃውንት በተለያየ መንገድ መልስ ሞክረዋል፦ አዳም ከነበሩት ሰዎች መካከል እስትንፋሰ መለኮትን የተቀበለ፣ ለኪዳን የተጠራ የመጀመሪያው ነው የሚሉ ክርስቲያኖች አሉ፤ ዝግመተ ለውጥ ለሌላው ፍጥረት ሁሉ ይሁን፣ የአደም መፈጠር ግን ተአምር ስለሆነ በምርመራ አይገኝም የሚሉ ሙስሊም ሊቃውንት አሉ። የትኛው እንደሚጸና የሚወስኑት ጂኦሎጂስቶች አይደሉም። በተቃራኒው ቅሪተ አካል ስለተገኘ እግዚአብሔር የለም ብሎ የሚያስተምር የሳይንስ መምህርም ከሥራው ወጥቷል፤ አርጎን ስለ ፈጣሪ የሚለካው ነገር የለም። ዘመናዊውን የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ካቆሙት ሰዎች አንዱ የሆነው ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ነበር፤ የጽንፈ ዓለምን መስፋፋት በ1927 ያሰላው ለሜትርም ካህን ነበር።

እርግጥ ነው፣ «የአዳም ልጆች ነን» ለሚለው የእርቅ ቃል የሚፈራ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ይገባዋል፤ ዛሬ በምድር ላይ ያሉ ማናቸውም ሁለት ሰዎች በዲኤንኤ ቅደም ተከተላቸው 99.9 በመቶ ገደማ አንድ ናቸው፤ የሁላችንም ሐረግ የሚመዘዘው ከአፍሪካ ነው።

የሚያሳዝነኝ የክፍሉ ነገር ነው። የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ በ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ «ለፈተና ብላችሁ አጥኑት፣ አትመኑበት» ተብሎ በጥድፊያ የሚታለፍበት ክፍል ግን ጥቂት አይደለም። ይህ ምክር እምነትን አይጠብቅም፤ ዕውቀት ለማርክ የሚጻፍ ውሸት ነው ብሎ ያስተምራል። መምህሩ ተማሪው እንዲያምን ማስገደድ የለበትም፤ ማስረጃው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተለካ፣ የት ላይ ከሃይማኖት ትምህርት ጋር እንደሚጋጭና የት ላይ እንደማይጋጭ በቀጥታ መንገር ግን ግዴታው ነው። የደላንታ ተማሪ የወንድሙን ጉድጓድ ንብር በደብተሩ ስሎ፣ የትኛው ቀድሞ እንደተነጠፈና ለምን እንደሆነ ማስረዳት ይችላል፤ ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም።

ሳይንቲስቶቹም ዕዳ አለባቸው። ስለ ወገል ጤና ኦፓልና ስለ ሐዳር አጥንት የተጻፈው ሁሉ ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አገር መጽሔቶች የታተመ ነው። የገደሉን ሥር የሚያውቁት ቆፋሪዎች፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት፣ የዳና ደረሳዎች ስለ ገዛ መሬታቸው የተደረሰበትን ሲሰሙ ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ከሚቃወመው ቪዲዮ ነው። የቅሪተ አካልና የቅርስ ጥናት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ማንኛውም የጥናት ቡድን ውጤቱን ባሳተመ በዓመቱ ውስጥ በአማርኛና በአፋርኛ ማብራሪያ ጽፎ ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች እንዲያደርስ፣ ከአካባቢው ካህናትና ኡለማዎች ጋርም ተቀምጦ ጥያቄ እንዲቀበል የፈቃዱ ውል አካል ሊያደርገው ይችላል። የጥናቱ በጀት ለመኪናና ለድንኳን እንደሚመደብ ሁሉ ለዚህም ቢመደብ ከባድ ወጪ አይሆንም።